ባለ ዘውዱን ወፍ ጉትማ ያልንበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ ወረታ ገበያ ውስጥ፣ አንድ ነጋዴ ጎረቤቴ አዲስ የመጣለትን የላስቲክ ቦት ጫማ ከጆንያ ሲያወጣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። የጆንያው አፍ ሲፈታ ያ የአዲስ ጎማ ሽታ ወጣና አፍንጫዬን ያዘኝ። ባለሱቁ "እትዬ ከድጃ፣ ለሩዝ ማሳ የመጣ ነው፣ ልለካልዎት?" ይለኛል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም። ጉልበቷን የሚያማት ጡረተኛ መምህርት መሆኔን ረስቼው፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋኝን የወንድ ቦት አጥልቄ፣ በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጬ፣ ፎገራ ሜዳ ከጣና ጋር አንድ ውሃ ሆኖ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር። "ኋላ እመለሳለሁ" ብየው ቤቴ ገባሁና የድሮውን ነገር ሳስብ ዋልሁ።

ያኔ ወረታ እንዲህ አልተንጣለለችም። ከተማ የምንለው መንገዱን ነበር፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን። አውቶቡስ ሲቆም ሸንኮራና የተቀቀለ እንቁላል የያዙ ሴቶች በመስኮቶቹ ሥር ይንጋጋሉ፤ ረዳቱ ከጣሪያ ላይ የዶሮ ቅርጫት ያወርዳል፤ ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ማርሽ ይሰማና ማርሹ ሲያልቅ፣ እግዜር ይስጠው፣ የፍቅር ዘፈን ይከተላል። በስሙኒ ሻይ ከነዳቦው ጠጥቶ መልስ ይገኝ ነበር። ጎረምሶቹ ጎፈሬያቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው፣ እግሩ የሰፋ ሱሪያቸው የክረምቱን ጭቃ እየጠረገ ይሄዳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ የቴርጋል ጉርድና የናይለን ሻሽ ካገኘን ዓለም የእኛ ነበረች። የአባቴ የሼህ እንድሪስ ሱቅ እዚያው ማዕዘን ላይ ነው። አቡጀዲው፣ ካኪው፣ ፖፕሊኑ በየመደርደሪያው ተጠቅልሎ ይቆማል፤ የብረት ሜትሩ ባንኮኒው ላይ ነው። ሩዝ ገና እንግዳ ነበር። ዛሬ አገሩ ሁሉ ሩዝ የሆነውን ያኔ ገበሬው በእጁ እያገላበጠ "ይኼ እህል ነው የድንጋይ ፍርፋሪ?" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ንጉሡ ከወረዱ ጥቂት ዓመት ሆኖ፣ ዘመኑ የዘመቻ ዘመን ነበር። የእርሻ ዘመቻ፣ የችግኝ ዘመቻ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ትምህርት ቤት ስብሰባ ይጠራና "በገዛ ፈቃዳቸው የሚዘምቱ መምህራን" ተብሎ ስማችን ይነበባል፤ ፈቃደኞች መሆናችንን የምንሰማው ከዝርዝሩ ላይ ነበር። በዚያ ክረምት ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ስሜ የትኛውም ዝርዝር ላይ አልወጣም። ትምህርት ተዘጋ፣ እኔም አባቴ ሱቅ ገብቼ ጨርቅ መለካት ጀመርሁ። ዶክተር አምሳሉ የገቡት አንድ ዝናባማ ጠዋት ሸራና ገመድ ለመግዛት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሰው ነበሩ። የዱር እንስሳትን ሊያጠና ከአዲስ አበባ የመጣ ቡድን መሪ ናቸው፤ ጓደኞቻቸው ጉማሬ ሊያጠኑ ወደ ጉማራ ወንዝ አፍ ወርደው እርሳቸው ለወፎቹ ከአንድ ሾፌር ጋር ወረታ ቀርተዋል።

"ወፍ?" አሉ አባቴ ሜትሩን አስቀምጠው። "ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣችሁት ለወፍ ነው? አዲስ አበባ ወፍ የለም?"

"እንደ ፎገራ ያለ የለም" አሉ ዶክተሩ እየሳቁ። "የቸገረኝ ሰው ነው ሼህ እንድሪስ። አገሩን የሚያውቅ፣ ከገበሬው የሚያግባባኝ፣ የምለውን እየሰማ የሚጽፍልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ የምከፍለው የለኝም። ምሳና ቦት ጫማ ነው ያለኝ።"

ከአባቴ ኋላ ሆኜ ፖፕሊን እየጠቀለልሁ ነበር። ምን እንደገፋፋኝ ዛሬም አላውቅም። "እኔ እጽፋለሁ" አልሁ።

አባቴ ዞረው አዩኝ። "አስተማሪ ሆነሽ ወፍ ልትቆጥሪ? ሰው ምን ይላል?"

"ተማሪ ስቆጥር ምን አለ?"

ዶክተሩ መሬት መሬት አዩ፤ ሳቃቸውን እየዋጡ ነበር። አባቴ ቁጡ ቢመስሉም እልኸኛ አልነበሩም። ሜትሩን መልሰው አንሥተው ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ታንኳውን የሚነዳው ቁሐር ሚካኤል የሚኖረው ገበሬ ሙጬ እንዲሆንና የምሽቱ ሶላት መግሪብ ሳይደርስ ቤት እንድገባ። አያ ሙጬ ለአባቴ የዘመናት ወዳጅ ነበሩ። ቅቤ ይዘው ገበያ በመጡ ቁጥር በቅሏቸውን የሚያስሩት እኛ ደጅ ነው፤ በእኛ ዒድ እርሳቸው፣ በእርሳቸው ፋሲካ አባቴ ይጠያየቃሉ። ዶክተሩ ሥራውን ሲያስረዷቸው አያ ሙጬ ጋቢያቸውን ሰብስበው በጥሞና አዳመጡ።

"ትበሏቸዋላችሁ?"

"ኧረ አንበላም።"

"ትሸጧቸዋላችሁ?"

"አንሸጥም። አኗኗራቸውን ማወቅ ብቻ ነው የምንፈልገው።"

"እሱስ ደግ ነው" አሉ አያ ሙጬ። "እኔም ከነሱ ማወቅ የምፈልገው ነገር አለኝ። ይኼ ሁሉ ዝናብ ላያቸው ላይ እየወረደ፣ ክረምት ሲመጣ የሚጨፍሩት ምን አግኝተው ነው?"

የሚሉት ስለዚያ ዶክተሩ አጥብቀው ስለሚፈልጉት ወፍ ነው። ቁመቱ ከሰው ወገብ በላይ፣ ገላው ጥቁር፣ ክንፉ ሲዘረጋ ነጭና ወርቅማ፣ ጉንጩ ላይ ነጭና ቀይ፣ አናቱ ላይ ደግሞ እንደ ወርቅ ስንደዶ ቀጥ ብሎ የተበተነ ዘውድ። ልጅ ሆነን ሜዳው ላይ እናየዋለን፤ ግን እኛ ዘንድ ወፍ ወፍ ነው፣ ማን አስተውሎት! ዶክተሩ ማወቅ የፈለጉት ፎገራ ላይ እንቁላል ጥሎ ይፈለፍል እንደሆነ ነበር። ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ስንሄድ ግን ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ሊቀመንበሩ ዶክተሩ የጻፉትን ደብዳቤ ቀስ ብሎ አነበበ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ጣቱን አቆመ፣ በሩን አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"'ባለ ዘውድ ወፍ' ይላል።"

"አዎ፣ ስሙ ነው" አሉ ዶክተሩ።

"ሌላ ስም የለውም? እኔ እኮ ምንም አላልሁም... ግን ማኅተም የማደርገው እኔ ነኝ። በዚህ ጊዜ ዘውድ ዘውድ የሚል ወረቀት ላይ እንዴት አድርጌ ማኅተሜን ልምታ?"

ዶክተሩ ሳቅም ንዴትም መጣባቸው። ያኔ አያ ሙጬ ከበሩ አጠገብ "ጉትማ በሉት፤ አናቷ ላይ ላባ የቆመባትን ዶሮ ጉትማ እንል የለ?" አሉ። ሊቀመንበሩ ግንባሩ ፈታ አለ። በእጄ "ጉትማ ወፍ" ብዬ እንደ አዲስ ጻፍሁት፣ ማኅተሙም ተመታ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመዝገባችን ሁሉ ንጉሡ ወፍ ጉትማ ሆኖ ቀረ።

የዚያን ክረምት ጠዋቶች እንዴት ልንገራችሁ! ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስከ ውሃው ዳር ሾፌሩ በላንድሮቨር ያደርሰናል፤ ከዚያ አያ ሙጬ ረጅም ዘንጋቸውን ይዘው ታንኳው ላይ ይቆማሉ፣ እኔ ከፊት፣ ዶክተሩ ከመሃል። ታንኳው ደንገል ስለሆነ ውሃው ከሥር ጨርቃችንን ያርሰዋል። ዝይ፣ ዳክዬ፣ ሽመላ፣ ስሙን የማላውቀው ነጭ ወፍ ሁሉ ሜዳውን ሞልቶታል፤ አንዱ መንጋ ሲነሣ የክንፉ ድምፅ እንደ ድንገተኛ ዝናብ ያስደነግጣል። ዶክተሩ በአቅራቢ መነጽር እያዩ አሥር አሥሩን በአውራ ጣት ከልሎ መቁጠር አስተማሩኝ። መጀመሪያ ቀን ግማሹ ሲበርብኝ ላለቅስ ደረስሁ፤ በሳምንቱ ግን መንጋ ሳይ ቁጥሩ በራሱ ምላሴ ላይ ይመጣ ነበር። አልቅት እግሬ ላይ ተጣበቀ፣ ፊቴ ጠቆረ፣ አንድ ቀን ታንኳው ተገልብጦ ሦስታችንም ቄጠማ ውስጥ ገባን። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ጉርዴን እየጨመቀች ትራገማለች፤ እኔ ግን እስኪነጋ አልችልም። ዕድሜ ልኬን ሰው ስሜን ከዝርዝር ሲያነብልኝ ስሄድ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ "እሄዳለሁ" ብዬ የሄድሁበት ቦታ ነበር።

ጎጆውን ያገኙት አያ ሙጬ ናቸው ማለት ይቀላል። ሌሎቹ ወፎች ሲበሩ አንዷ ጉትማ ብቻዋን አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቄጠማ ውስጥ ስትሰወር አይተው ዘንጋቸውን አቆሙ። "ቤት ያላት ሴት አካሄድ ነው" አሉ። እውነትም ከተጋደመ ቄጠማ በተሠራ መደብ ላይ ሦስት እንቁላሎች፣ ነጣ ብለው ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ። ዶክተር አምሳሉ ለኩ፣ እኔ ጻፍሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሩቅ እያየን ተባዕቱ መቼ እንደተካት፣ እርሷ መቼ እንደተመለሰች ስንመዘግብ ሰነበትን። ዶክተሩ ሊፈለፈል ጥቂት ቀን ቀርቶታል ባሉበት ሳምንት ግን ጉና ተራራ ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። የጉና ዝናብ የርብን ወንዝ ይዞ ይመጣል፤ ርብ ሲሞላ ደግሞ ፎገራ ይሰጥማል።

በአራተኛው ቀን ስንደርስ ውሃው ከመደቡ ጠርዝ ሦስት ጣት ያህል ነበር የቀረው። ወፏ ቆማ በመንቁሯ ቄጠማ እየጎተተች ከሥሯ ታስገባለች፤ ውሃው ግን ይቀድማታል።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር እናድርግ!"

"ከድጃ፣ እኔ የመጣሁት ለማየት ነው። ከነካሁት የማየው የእነሱ ኑሮ አይሆንም፣ የእኔ ሥራ ነው የሚሆነው።"

"ታዲያ ሲሰጥም ቆመን ልንጽፍ ነው?"

ፊታቸውን ሳይ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው እንደጨነቃቸው ገባኝ። አያ ሙጬ ከታንኳው ጎን የታሰረውን ትርፍ ደንገል መፍታት ጀመሩ። ለታንኳ መጠገኛ ይዘውት የሚዞሩት ነው። "ሁለት ሦስት እስር ከሥሩ ብናስገባለት ይነሣል" አሉ።

"ከብቶችዎስ አያ ሙጬ?" አልሁ። ውሃ ወደማይደርስበት ጉብታ ያልወጡት ከብቶቻቸው በዚያች ሰዓት እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ እንደቆሙ አውቄያለሁ፤ ጠዋት ሚስታቸው ስትጮህባቸው ሰምቻለሁ።

"ከብት መዋኘት ያውቃል። እንቁላል አያውቅም።"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በረጠበ ሸሚዛቸው ጠረጉት፣ የባሰ አደበዘዙት። "ጻፊ" አሉኝ። "'ጎጆው በሰው እጅ ከፍ ተደርጓል' ብለሽ ጻፊ። በትልቁ ጻፊው፣ የሚያነበው ሰው እንዳይታለል።" ይኼን ብለው ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ዘለሉ፤ እስከ ደረታቸው ደረሰ። ወፎቹ እየጮሁ ተነሡና ከላያችን ይዞሩ ጀመር። እኔ የናይለን ሻሼን ፈትቼ እንቁላሎቹን ተቀበልሁና ሆዴ ላይ አቀፍኋቸው። ይሞቃሉ። ሁለቱ ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ ሆነው የደንገሉን እስር ከመደቡ ሥር ሲገፉ፣ አንዱ እንቁላል ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰና ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። "ያወራል!" ብዬ ጮህሁ። "ዶክተር፣ እንቁላሉ ያወራል!"

"እንግዲያው ፍጠኑ!" አሉ ዶክተሩ ጢማቸው ጭቃ ሆኖ።

መደቡ አንድ ክንድ ያህል ተነሣ። እንቁላሎቹን እንደነበሩ መለስሁና ርቀን ቄጠማ ውስጥ ተደበቅን። ያች ግማሽ ሰዓት! ወፏ ዞረች፣ አረፈች፣ ቀረበች፣ ሸሸች። ዶክተሩ ከንፈራቸው ከብርዱ ሰማያዊ ሆኖ "ባትመለስ የገደልናቸው እኛ ነን" ይላሉ። በመጨረሻ መደቡ ላይ ወጣች፣ እንደማታውቀው ቤት አንገቷን ወዲያና ወዲህ አደረገች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አያ ሙጬ አማተቡ፣ እኔ "አልሐምዱሊላህ" አልሁ፣ ዶክተሩ ድምፃችንን እንዳትሰማ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወደ ከብቶቹ ሮጥን። የተማሩት ሰው ሱሪያቸውን እስከ ጭን ሰብስበው የፎገራ ላም በጭራዋ ይዘው ሲገፉ፣ የአያ ሙጬ ሚስት "ኧረ በእግዜር፣ ዶክተር፣ በቀንዷ በኩል ይምጡ!" ስትል አሁንም ይሰማኛል። ሁሉም ጉብታው ላይ ወጡ፤ አንዲት ጥጃ ብቻ ዶክተሩና አያ ሙጬ ተሸክመዋት ነው የወጣችው።

ወረታ ስገባ የመግሪብ አዛን ካለቀ ቆይቷል። አባቴ ማዕዘኑ ላይ ቆመው ነበር። ሻሽ የለኝም፣ እስከ ወገቤ ጭቃ ነኝ፣ አንዱ ቦቴ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። ስለ ቀጠሮው ሊቆጡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ቀደምሁና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው፤ ጉናን፣ ርብን፣ ደንገሉን፣ የሚያወራውን እንቁላል። እስክጨርስ ሰሙኝ። "ሙጬ ከብቱን ሳያወጣ?" አሉ። "አዎ።" ጥቂት ሄድን። "ወፏ ተመለሰች አልሽ?" "ተመለሰች አባ።" ኩታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

በማግስቱ ዶክተሩን ወባ ጣላቸው፤ ባረፉበት ሆቴል አልጋ ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ ሲፈለፈል ያየነው እኔና አያ ሙጬ ብቻ ነን። ገና ጠል ሳይደርቅ ደረስን። የእናቲቱ ክንፍ ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ቢጫና ቡናማ ለምድ የለበሰች፣ እግሯ ከገላዋ የሚረዝም ፍጥረት ብቅ አለች፣ ተንገዳገደች፣ ወደቀች፣ ተነሣች። ሁለተኛው ተከተለ። ረፋዱ ላይ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ገብተው ከወላጆቻቸው ኋላ ሲዋኙ አያ ሙጬ ባርኔጣቸውን አውልቀው በዝናብ ቆመው ቀሩ። ሦስተኛው እንቁላል እስከ መጨረሻው ዝም አለ።

ከላንድሮቨሩ ወርጄ ሆቴሉ ድረስ በዚያ ሰፊ ቦት ሮጥሁ። ዶክተሩ በክርናቸው ተደግፈው ተነሡ። "ስንት ሰዓት ነበር? ማን ቀድሞ ውሃ ገባ? ሦስተኛውስ?" የማላውቀውን አላውቀውም አልሁ። "ሦስተኛው በእኛ እጅ ይሁን በራሱ አናውቅም" አሉ። "እሱንም ጻፊ። ሥር ላይ ደግሞ ስምሽን ጻፊ። ያየሁት እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ።" ከድጃ እንድሪስ ብዬ ስጽፍ እጄ የመጀመሪያ ቀን ተማሪ እጅ ሆነ።

ዶክተሩ ሲሻላቸው ሄዱ። እኔም በየክረምቱ ከአያ ሙጬ ጋር እየቆጠርሁ ወረቀቱን በአውቶቡስ እልክላቸው ነበር፤ ጦርነት መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ መልስ ይመጣልኝ ነበር። ዛሬ የቄጠማው ቦታ አብዛኛው ሩዝ ነው፤ ሰው መብላት አለበት፣ አልፈርድም። ጉትማዎቹ ግን ጨርሰው አልጠፉም፤ አምና ከባጃጅ ወርጄ አራት አይቻለሁ።

አባቴን ግን ልንገራችሁ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሱቁን ቆለፉ። ወረታ ሙሉ "ሼህ እንድሪስ ምን ሆኑ?" አለ። በሕይወታቸው ታንኳ ረግጠው አያውቁም፤ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ የአያ ሙጬን ትከሻ ጨምድደው ያዙና ተሳፈሩ፤ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ቄጠማው ጋ ስንደርስ ጉትማዎቹ ሁለቱን ልጆቻቸውን መሃል አድርገው በቀስታ ያልፋሉ። ዘውዱ ላይ ፀሐይ አርፎበታል። አባቴ ትከሻውን ለቀቁ። ብዙ አዩ። ከዚያ አያ ሙጬን በሹክሹክታ "ሙጬ፣ አንተ ይኼን በየክረምቱ ታያለህ?" አሏቸው።

"በየክረምቱ።"

"አንድም ቀን ሳትነግረኝ?"

"ወፍ ነው ብዬ እኮ ነው" አሉ አያ ሙጬ።

አባቴ እስኪሞቱ ድረስ በየክረምቱ አንድ የገበያ ቀን ሱቃቸውን ይዘጉ ነበር። በሁለተኛው ክረምት እናቴንም ይዘዋት ሄዱ። ያች ጉርዴን እየጨመቀች ስትራገም የነበረች ሴት ታንኳው ላይ ከአባቴ ቀድማ ወጥታ ከፊት ተቀመጠች፤ ሁላችንም ከኋላዋ ሆነን "ዝቅ በይ፣ አላየንም" ስንል ዋልን።